ጎጃምን በመኪና ለማየት፦ በማርቆስ፣ በሞጣ ወይስ በቻግኒ?

ጎጃም በሦስት ወገን በዓባይ የታጠረ አገር ነው። ከሸዋ የሚመጣ፣ ከወለጋ የሚነሣ፣ ከወሎ ወይም ከበጌምድር የሚሻገር ሁሉ በሩ ያው ወንዝ ነው። ስለዚህ ጎጃምን በመኪና ለመዞር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው ዓባይን ከየትኛው ዳር እንደሚያየው ነው፤ ከተማው፣ ማደሪያውና ገበያው ያንን ተከትሎ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ መንገደኛ ሦስት ምርጫ አለ፦ ዋናው የደብረ ማርቆስ መስመር፣ ከደጀን ተገንጥሎ በብቸናና በሞጣ የሚያልፈው የምሥራቁ መስመር፣ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ወርዶ ወደ ሱዳን ድንበር የሚያቀናው የምዕራቡ መስመር።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አምስት ስድስት ቀን ያለው ሰው በሞጣ ሄዶ በማርቆስ ይመለስ። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ያለው በማርቆስ ይሂድ፣ በዚያው ይመለስ፤ ሞጣን በጥድፊያ ከማየት ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይሻላል። የቻግኒውን መስመር ግን ዘመድ ወይም ሥራ ለማይጠራው ሰው ለጊዜው አልመክርም።

ከሁሉ በፊት ሰላም

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት እነዚህ መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ መንገዱ ክፍት ሲሆን የሚያገለግል ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ወሬውን ከአንድ ሰው ብቻ አትስሙ፤ በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ፣ ልታድሩበት ወዳሰባችሁት ሆቴል ደውሉ፣ በመንገዱ መካከል ባለ ከተማ የሚኖር የምታውቁት ሰው ካለ እርሱንም ጠይቁ። ሦስቱ ካልተስማሙ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፉ። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ጥሩ አይደለም፤ ከብቱ ከግጦሽ የሚመለሰው፣ ገበያተኛው ወደ ቤቱ የሚጎርፈው በዚያ ሰዓት ነው። ድልድይና ግድብ ላይ ካሜራ አታውጡ። ጠባቂዎቹ ሲከለክሉ ለክርክር ቦታ የላቸውም፤ እናንተም አትከራከሩ።

የጋራው ቁልቁለት

በማርቆስም ተሄደ በሞጣ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የጋራ ነው። ከሸዋው ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሲነሡ የለበሱት ሹራብ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይወልቃል፣ ደጀን ላይ ተመልሶ ይለበሳል። ገደሉን ቀስ ብሎ ለሚያይ ሰው ድንጋዩም ይለዋወጣል፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ሲጠጉ ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ።

እዚህ ቦታ ላይ የአሽከርካሪ ጠባይ ይታወቃል። ልምድ ያለው ገና ከአፋፉ ላይ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ኃይል ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬኑን የሚነካው መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። ልምድ የሌለው እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሣ ወርዶ ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይሸተዋል። ያ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ቆሞ ማብረድ እንጂ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ መቀጠል አይገባም። ውሃም አትንቁ፤ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ለመኪናም ለሰውም ይሠራል። የጫነ ተሳቢ ከፊት ካለ ለመቅደም መቸኮል ከንቱ ነው። ከእርሱ ፊት ሌላ ተሳቢ አለ።

ወንዙ ላይ የተዘረጋው ባለ ገመዱ የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ ነው፤ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። የድሮው ድልድይም ከአጠገቡ አለ። ሸዋና ጎጃም የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው። ደጀን ከወጡ በኋላ ምሳ መብላት የቆየ ልማድ ነው፤ ከተማዋ በሥጋዋ ትታወቃለች። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የሚያልፍ ሰው ግን በሽሮና በበያይነቱ መስማማት አለበት።

ከምሳ በኋላ ምርጫው ይመጣል። ወደ ግራ ማርቆስ፣ ወደ ቀኝ ብቸና።

በሞጣ

የሞጣው መስመር ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው በብዙ ኪሎ ሜትር ያጥራል። ነገር ግን ለማጠሩ ብሎ የሚመርጠው ሰው የተሳሳተ ምክንያት ይዟል። ይህ መስመር የሚመረጠው ቆም ቆም እያሉ ለመሄድ ነው። አገልግሎቱ ከማርቆሱ ያነሰ ነው፤ ማደሪያው ቀላል፣ ነዳጁ የማያስተማምን፣ ከተሞቹ ትንንሽ። በዚያው ልክ የአገሩ ታሪክ ጥቅጥቅ ብሎ የተቀመጠው በዚህ በኩል ነው።

ከደጀን እስከ ብቸና ያለው ሜዳ የጤፍ አገር ነው። በመስከረምና በጥቅምት ያለፈ ሰው አረንጓዴውን ያያል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያለፈ ክምሩንና አውድማውን። ጎጃሜ በዚህ ጤፍ ይኮራል፤ ቀምሶ የሚያውቅ አይፈርድበትም። በስተግራ በኩል ጮቄ ተራራ አብሯችሁ ይሄዳል። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጎጃም ከሚሄዱት ወንዞች ብዙዎቹ የሚፈልቁት ከእርሱ ነው። እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉት ከጮቄ ወርደው ሜዳውን እየሰነጠቁ ዓባይ ውስጥ ይገባሉ። ከድልድይ ላይ ሲያዩአቸው በጋ ላይ ምስኪን ይመስላሉ፤ የቆረጡትን ሸለቆ ጥልቀት ያየ ግን በክረምት ምን እንደሚያደርጉ ይገባዋል።

በብቸና አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ቅኔ ለመማር የቆሎ ተማሪ ከየአገሩ የሚጎርፍበት ቦታ ነው። ተማሪዎቹን መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ትንሽ አለፍ ሲሉ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች። ይህ አካባቢ በጠላት ዘመን የበላይ ዘለቀ ግዛት ነበር፤ ጣሊያን ከተማውን እንጂ ገጠሩን ሳይገዛው ወጥቷል። በላይ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መሞቱ በዚህ አገር ዛሬም ትኩስ ወሬ ነው። ሽማግሌ አግኝታችሁ ከጠየቃችሁ ቡናው ሳይፈላ ጨዋታው ይጀመራል፤ ለመሄድ መቸኮላችሁን ግን አታሳዩ።

ጊዜ ካላችሁ ከዋናው መስመር ወደ ምሥራቅ ተገንጥላችሁ መርጡለ ማርያምን እዩ። እኔ በዚህ መስመር አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጠፍቷል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መልሰው ሊያቆሙት ሞክረዋል። ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ የሁለቱ ዘመን ቅልቅል ነው። ግድግዳው ላይ ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ጠራቢው በድንጋዩ ላይ አበባውንና ሐረጉን ያወጣው በሐር ላይ ጥልፍ እንደሚጠልፍ ሰው ነው። አሁን አገልግሎት የሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን ከአጠገቡ ነው። ቀሳውስቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ፤ እንግዳ መቀበል ያውቁበታል፣ ድፍረት ግን አይወዱም።

ሞጣ ለማደሪያ ትሆናለች። ደብሯን ሞጣ ጊዮርጊስን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ የጎንደርና የጎጃም ቤተ መንግሥት በጋብቻ የተሳሰረበትን ዘመን የምታስታውስ ከተማ ናት። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ሲሆን ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረና ስሙ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ገበያተኛ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተሳበ በክፍተቱ ላይ ሲሻገር ኖሯል። አሁን የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። ወደዚያ መውረድ ግማሽ ቀን የሚበላ፣ ጉልበት የሚጠይቅ ነው፤ መውጣቱ ደግሞ ከመውረዱ ይብሳል። ልጆችና አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ተዉት። የድንበር ታሪክ የሚማርከው ሰው ግን ይህንን ትቶ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ቢቀመጥ ያስቆጫል።

ከሞጣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ይገባል።

በማርቆስ

ይህኛው ዋናው ጎዳና ነው። ወደ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከተሞቹ ተከታታይ ናቸው፦ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ ወተት ዓባይ፣ መራዊ። ጎማ ቢፈነዳ ጎሚስታ ሩቅ አይሆንም፣ ሰው ቢታመም ሆስፒታል አለ፣ ሲመሽ የሚያሳድር ሆቴል አይጠፋም። ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ፣ አዲስ መንጃ ፈቃድ ላወጣ፣ በትንሽ የቤት መኪና ለሚሄድ ሰው ምርጫው እዚህ ላይ ያበቃል።

ጉድለቱ ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ጨሞጋን፣ ተምጫን፣ ብርን የሚያህሉ ወንዞች በዚህ መንገድ ላይ በአንድ ትንፋሽ ይታለፋሉ፤ ብዙ ሰው ስማቸውን ሳይሰማ ባሕር ዳር ደርሶ «ጎጃምን አየሁ» ይላል።

ይህንን መስመር ለመመለሻ ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ፤ ያ ቦታ ያን ጊዜ የጎጃም ጠረፍ ነበር። ከዚያ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ደጋው ወጡ። በየካቲትና በመጋቢት የጌዴዎን ጦር የተባለው ትንሽ ሠራዊት ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ቡሬን፣ ደምበጫን፣ በመጨረሻም ደብረ ማርቆስን አስለቀቀ። ከጣሊያን ጋር የነበሩት ራስ ኃይሉ ለንጉሠ ነገሥቱ የገቡት እዚያው ማርቆስ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከቡሬ ወደ ማርቆስ የሚነዳ ሰው የዚያን ዘመቻ አቅጣጫ ይከተላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ግን ታሪኩን ከጫፉ ወደ መነሻው ያነበዋል።

ሲመለሱ የት የት ይቆም? መራዊን አልፎ ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ሲሄድ ይታያል። ከዚያ ወደ አዊ ሲገቡ አገሩ ይለወጣል። አዲስ ቅዳም አካባቢ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘር ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ገበሬው ተክሎ፣ በጥቂት ዓመት ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። በጆንያ የታጨቀ ከሰል በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ የጭነት መኪና ይጠብቃል። አዲስ አበባ ቤታችን የምንማግደው ከሰል ከየት እንደሚመጣ ማየት የሚፈልግ እዚህ ይቁም። እንጅባራ ላይ ደግሞ ቀርቀሃው ነው፤ አጥሩም፣ ወንበሩም፣ ቅርጫቱም ከእርሱ ነው። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ብርዱ አይጣል ነው። ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ ሲወጡ ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ክብ፣ ጥልቅ፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሚገኝ ሰው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ትርዒት ያያል። ለዚያ ቀን ማደሪያ ቀድሞ መያዝ የግድ ነው።

በነገራችን ላይ እንጅባራ ደጋ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሦስት መንገድ አለው። ወደ ሰሜን የፈሰሰው በግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፣ ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በለስን ይቀላቀላል፣ ወደ ደቡብ የፈሰሰው በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ሁሉም በመጨረሻ ያው ዓባይ ውስጥ ይገናኛሉ።

ከጥሊሊ ወደ ሰከላ ተገንጥሎ ግሽ ዓባይ መሄድ ይቻላል። የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ይህችን ምንጭ ለማየት መጥተዋል፤ ለእኛ ግን ከሁለቱም በፊት የጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ቦታ ናት። ታላቅ ፏፏቴ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ያለው ትንሽ ምንጭ፣ ጸበልተኛ፣ ቢጫ ጀሪካንና ጸጥታ ነው። እንደ ማንኛውም ጸበል ቦታ ሳይበሉ በጠዋት መሄድ ደንብ ነው፤ ስለዚህ አዳራችሁን በቅርብ አድርጉ። በክረምት ይህ መገንጠያ ጭቃ ስለሆነ ለትንሽ መኪና አይሆንም።

ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድም ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ይገባል። ይህ ጠረፍ የቆየ የንግድና የጦርነት ጠረፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከጉድሩ የሚመጣው ነጋዴ ወንዙን ተሻግሮ ከማርቆስ ደቡብ ባለው በባሶ ገበያ ይገናኝ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ የተዋጉትም ከወንዙ ማዶ ያለውን አገር ለመያዝ ነው። ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ደብረ ማርቆስ የእርሳቸው መናገሻ ነበረች፤ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ከዋናው ጎዳና ጥቂት መግባት ብቻ ይበቃል።

በቻግኒ

ለመልክዓ ምድር ከሆነ ከሦስቱ የሚበልጥ ለውጥ የሚታየው እዚህ ነው። ጠዋት እንጅባራ ላይ ድንችና ቀርቀሃ ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ማንጎና ማሽላ ውስጥ ነው። ቻግኒን አልፎ መንዱራ፣ ግልገል በለስ፣ ፓዊ፣ ማምቡክ፣ ከዚያም ጉባ። ፓዊ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ከየአካባቢው የሰፈሩ ሰዎች ከተማ ናት። ጉባ የታላቁ ህዳሴ ግድብ ያለበት ነው፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ቆላ የሚገኝበት መተከል የድሮው ጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር፤ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው፤ የጉሙዞች አገር።

የማልመክረው ግን ለዚህ ነው። የጸጥታው ችግር በዚህ መስመር ከደጋው ቀድሞ የጀመረ፣ ብዙ ሕይወት ያጠፋ ነው። ወደ ግድቡ እንዳሻው ገብቶ መጎብኘት አይቻልም። ሙቀቱ ብርቱ ነው፣ ወባ አለ፣ የነዳጅ ማደያና የጥገና ቦታ የተራራቀ ነው። ኦሜድላን አያለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ከመንገድ ይልቅ የሚበዛበት ፈቃድና ጥበቃ ነው። ሥራ ጠርቶት የሚሄድ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና፣ ሁለት መለዋወጫ ጎማ፣ አጎበርና አገሩን የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሂድ።

ወቅት፣ ነዳጅ፣ ጢስ ዓባይ

ወሩን የሚወስነው ማየት የምትፈልጉት ነገር ነው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አገሩ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፣ ወንዞቹም ገና አልጎደሉም። ጢስ ዓባይን ማየት ለሚፈልግ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ይሻላል። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ነገር ግን የወንዙ ውሃ ከፊሉ ለመብራት ኃይል ይጠለፋል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚወስድ ለፏፏቴው የሚተርፈው ቀንሷል። በበጋ ሄዶ ገደል ላይ ቀጭን ውሃ አይቶ የተመለሰ ሰው የሚያዝነው ለዚህ ነው። በበጋ የሄደ ከጢስ ዓባይ ይልቅ የአላታን ድልድይ ይይ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ውሃ ቢጎድልም አይጎድልም።

ነዳጅ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ላይ ሙሉ፤ በሞጣው መስመር ግማሽ ሲደርስ መፈለግ ጀምሩ። ክፍያው እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ ክፍያ ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበት ማደያ ላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቆም ዋጋ የለውም፤ ለሆቴልና ለምግብ ግን በየትንንሹ ከተማ የሚጠየቀው ጥሬ ገንዘብ ነው። ከባሕር ዳር ለመመለስ ስትነሡ አንዱን ሌሊት እንጅባራ ወይም ቡሬ፣ ሌላውን ማርቆስ አድርጉት። ከማርቆስ በጠዋት የተነሣ ቁልቁለቱን ፀሐይ ሳይበረታ ይወርዳል፤ ተሳቢዎቹም ያን ጊዜ ገና አልበዙም።